ጠበቃም ጋዜጠኛም ያለበት ቤት

ከተማችን ራቤል ላይ ሁለት ነገር አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰው ሲታይ፣ ወይ ነጋዴ ነው ወይ ሌባ ነው ይባል ነበር። አሁን ተማሪም ተጨመረበት። የልጅ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ሕግ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በርቀት ጋዜጠኝነት። ክረምት ሲገባ የሰው ልጅ አገሩ ገብቶ ገብስ ሲያርም፣ የኛዋ ሞጁል ታርማለች። «አባባ፣ ሕጉ አምስት፣ ጋዜጠኝነቱ አራት፤ ተራ በተራ ልማር ብል እኮ ዘጠኝ ዓመት ነው» ትለኛለች። ይሁን ዘጠኝ! ማን አባረረሽ? እኔ አንድ የወሰን ክርክር ከዚያ በላይ ሲጓተት አይቻለሁ፤ ከሳሽ አርጅቶ፣ ተከሳሽ ሞቶ፣ ወራሾቻቸው ተጋብተው፣ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ዘጠኝ ዓመት ሕግ ለማወቅ ቀርቶ የቀጠሮን ጠባይ ለማወቅም አይበቃም።

ይህ ሽማግሌ ምን አግብቶት ነው የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። ዕድሜዬን የበላሁት በራፖር ጸሐፊነት ነው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንዲት አግዳሚ አለችኝ፤ በደርግ ጊዜ የያዝኳት ናት፤ መንግሥት ሲለወጥ እሷ አልተለወጠችም። ሦስት ወረቀት አነባብሬ፣ በየመሀላቸው ካርቦን አግብቼ፣ እስክሪብቶውን ተጭኜ እጽፋለሁ። የላይኛው ለፍርድ ቤቱ፣ መካከለኛው ለተከሳሹ፣ ታችኛውና መነጽር የሚያስጠይቀው ለባለጉዳዩ። መጀመሪያ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከዚያ ከሳሽ፣ ከዚያ ተከሳሽ፣ ከዚያ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የሰውና የሰነድ ማስረጃ። በመጨረሻ «ከዚህ በላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ትባላለች። ይህች ቁጥር 92 ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ስንት ውሸት ተሸክማ እንደኖረች የምናውቀው እሷና ራፖር ጸሐፊዎች ነን።

ታዲያ ልጅቷ ከጋዜጠኝነቱ የመጀመሪያ ሞጁል ራሷን ቀና አድርጋ «አባባ፣ ዜና ማለት እኮ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ነው» አለችኝ። ለዚህ ነው የተከፈለው? ይህንኑ አይደል እኔ አግዳሚዋ ላይ ባለጉዳዩን ስጠይቅ የኖርኩት? ማን ገፋህ? መቼ? የት ላይ? ለምን? እንዴት አድርጎ? ያውም እሷን የሚያስተምሯት «ለምን»ን ሳይቀር ባጭሩ እንድትመልስ ነው፤ እኔ ጋ አንድ «ለምን» ብቻውን ከአያት ቅድመ አያት ተነስቶ እስከ ምሳ ሰዓት ይወስድ ነበር።

ሐሳቡን ያስያዘቻት አሜሪካ ያለች የአክስቷ ልጅ ናት። እዚያ አገር ሕግ ለጀማሪ አይሰጥም አሉ። መጀመሪያ አራት ዓመት ሌላ ነገር ተምረሽ ዲግሪ ትይዣለሽ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ሕግ። ሰባት መሆኑ ነው። ሰባቱ ረዘመ ተባለና አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ሦስት ሲደመር ሦስት» የሚሉትን አመጡ፦ ጋዜጠኝነቱን ሦስት ዓመት ተምረሽ ወደ ሕጉ ትሻገሪያለሽ፤ የሕጉ የመጀመሪያ ዓመት ለጋዜጠኝነቱ አራተኛ ዓመት ሆኖ ይያዝልሻል። አንዱ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ! እኛ አገር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የቆጠረ ገንዘብ ያዥ ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ፤ ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኛ ጋ ሕግ ሌላ ዲግሪ ሳይያዝ የሚገባበት ስለሆነ የሚታጠፍ ዓመት የለም። የኛዋ ዓመቱን ማጠፍ ቢያቅታት ራሷን አጠፈች። ቀን ችሎት መሰል ክርክር፣ ሌሊት አሳይመንት። ለእረፍት እኛ ዘንድ ስትመጣ ደግሞ ኔትወርኩ የለም። (ሲጠፋ አይገርመንም፤ ሲመጣ ነው ከቤት ወጥተን የምንተያየው።) እናም የርቀቱን ሥራ በወረቀት ጽፋ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሹፌር ትሰጣለች። ሹፌሩ መሐል ሜዳ ያድርና ለሌላ ሹፌር ያስተላልፋል። ያ አሳይመንት ከተማሪዋ በላይ አገር አየ።

የድሮውን ልንገራችሁ። ድሮ ሕግ የሚባለው ፍትሐ ነገሥት ነበር። ፍትሐ ነገሥት ላይ የሚደረሰው ንባቡ ተለይቶ፣ ዜማው ተዚሞ፣ ቅኔው ተዘርፎ፣ ከዚያ መጻሕፍት ቤት ተገብቶ ነው፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ ሲያባርረው ከርሞ። የፍትሐ ነገሥት መምህር ጢሙ ሳይሸብት አይታይም። ቀጥሎ ፈረንጆቹ መጡ። ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ በ1949፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ወጣ፤ የሁለተኛው ቁጥር ብቻ 3367 ይደርሳል። በ1956 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፍት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ሆነ። በፈረንጅ ተረቆ በፈረንጅ መሰጠቱ ያኔም ሽማግሌዎችን ሳያስጉረመርም አልቀረም። ቢሆንም ያን ሁሉ ቁጥር የሚማር ሰው በጎን ሌላ ነገር ልጨምር አላለም። ጠላ እንኳ በችኮላ ሲጠነሰስ ሆድ ይነፋል።

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እንዳለው የሰማሁት ደግሞ በስተርጅና ነው። ጳውሎስ ኞኞ የዘመናዊ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነበር። አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ያገሩ ሰው የጠየቀውን ሁሉ ይመልስ ነበር፤ ስለ ሰማይ ቢጠየቅ ስለ ሰማይ፣ ስለ ሚስት ቢጠየቅ ስለ ሚስት። ይህን ብነግራት «አባባ፣ ጳውሎስ ኞኞ ዛሬ ቢያመለክት ገና በሩ ላይ የትምህርት ማስረጃ አምጣ ይባላል» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ላይ ግን አልተስማማንም።

ሁለቱን ሙያ ማን አጣመራቸው ስላት የሰጠችኝ መልስ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ አለ። «አዋጅ ነጋሪው» አለች። «ነጋሪት ጎስሞ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ እያለ የንጉሡን ሕግ ሲለፍፍ፣ ሕጉ ነው ዜናው?» ዝም አልኩ። ቀጠለች፤ «በ1934 የወጣውስ? ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ሕጉ ጋዜጣ ላይ ካልታተመ ማን ይገዛለታል? የኛ ክልልስ ዝክረ ሕግ የሚያወጣው ለምንድነው?» ልክ ሳትሆን አልቀረችም። ግን ነጋሪት ጋዜጣን ገዝቶ አገልግል ከመጠቅለል አልፎ ያነበበ ጋዜጣ ወዳጅ አሳዪኝ አልኳት። አዋጅ ነጋሪውም ቢሆን ድምፁ ትልቅ ስለሆነ የተመረጠ ሰው ነው፤ ዲግሪ አልጠየቁትም።

እንግዲህ ወደ ደረሰብኝ ጉዳት ልምጣ።

ባለፈው እረፍቷ ወገቤን ቢያመኝ አግዳሚዋ ላይ አስቀምጫት ጸበል ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ወሰን ገፍቶበታል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ተቆጥቶ ነው የመጣው። የተቆጣ ባለጉዳይ ሲሳይ ነው፤ ቁጣው ሳይበርድ መጻፍ ነው። እሷ ምን ታደርጋለች? «ጎረቤትዎስ ምን ይላሉ?» ትለዋለች። «እሱማ ምን ይላል፣ ሌባ ነው!» «አይሆንም፣ እሳቸውንም ማናገር አለብኝ።» ተነሥታ ሄደች! በተከሳሹ ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ ቡና ጠጥታ፣ ስልኳን ከፍታ ድምፁን ቀድታ፣ በመንገዷም ከብት የሚጠብቁ ልጆች አናግራ ተመለሰች። ከዚያ ሦስት ወረቀት ከነካርቦኑ ጻፈችበት። ወረቀቱ እጄ ላይ ስላለ ቃል በቃል ላንብብላችሁ፦

«ከሳሽ ተከሳሹ ወሰናቸውን እንደገፉባቸው የገለጹ ሲሆን፣ ተከሳሹ በበኩላቸው ክሱ መሠረተ ቢስ መሆኑን ጠቁመው የወሰን ድንጋዩን ጎርፍ እንደወሰደው ተናግረዋል። ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ የአካባቢው እረኞች በበኩላቸው ድንጋዩ ወንዝ ዳር መታየቱን አስረድተዋል።» የሚጠየቀው ዳኝነት በሚለው ሥር ደግሞ፣ «ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት እንዲሰጡት ተጠይቋል።»

ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ እቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የኔ ናት የሱ?» አለኝ። ምን ልበለው? ስጠይቃት «ሚዛናዊ መሆን አለበት አባባ» ትላለች። ሚዛኑ የዳኛው ነው እንጂ የራፖር ጸሐፊው ነው እንዴ? ጠበቃ የሚቀጠረው ሚዛኑን ወዳንድ በኩል እንዲጫነው አይደል? ይህን ስላት «ልክ ነህ፣ የሕግ መምህራችንም እንዲህ ነው የሚሉት» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የሚብሰው ገና ነው። ሰዎቹ አንዱ ያለውን አንዱ በሷ አፍ ስለሰማ፣ ወንዝ ዳር ወርደው ድንጋዩን አገኙት። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታረቁ። መልስ አለ፣ የመልስ መልስ አለ፣ ይግባኝ አለ ብዬ የቆጠርኩት የሁለት ዓመት እንጀራ ባንድ ከሰዓት ተበላ።

በሌላ በኩል ደግሞ ለጋዜጠኝነቱ ዜና ጻፊ ስትባል ክስ ትጽፋለች። የቧንቧ ውሃ መጥፋቱን ዘግቢ ቢሏት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ስም አስፍራ «1ኛ ተከሳሽ» ብላ ጀመረች፤ ከግርጌውም የማስረጃ ዝርዝር፦ አንድ ደረቅ ጀሪካን፣ ሦስት የሰው ምስክሮች። ኤ አልሰጧትም።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን የምስጢሩ ነገር ነው። በኩራት ነው የነገረችኝ፦ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238፣ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249፣ ሁለቱም በ2013 የወጡ ናቸው። ባንድ ዓመት፣ በአሥራ አንድ ቁጥር ልዩነት። «መንትያ ናቸው አባባ» ትላለች። ጋዜጠኛ ምንጩን አያጋልጥም፤ ጠበቃም የደንበኛውን ምስጢር አያወጣም። እንዲህ ከሆነማ ብዬ አንድ ነገር አዋየኋት፤ ባለቤቴ ሳታውቅ ትንሽ ባቄላ ሸጬ ራዲዮ መግዛቴን። (የጀርመን ድምፅ ከ1957 ጀምሮ አየር ላይ ነው፤ እኔ ባረጀ ራዲዮ ልስማው?) ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሣችና «ይህን የምትነግረኝ እንደ ምንጭ ነው እንደ ደንበኛ?» አለችኝ። ልዩነቱ ምንድነው ብላት «ደንበኛ ከሆንክ ክፍያ አለው» አለች። ምንጭ ልሁን አልኳት፤ የጡረታ አበል የሌለኝ ሰው ነኝ። ማታ ራት ላይ ተነሥታ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የቤተሰቡ አባል እንዳስታወቁት፣ ከጎተራው የተወሰነ ባቄላ ወጥቷል» አለች። እቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ተናጋሪዋ፣ ሁለተኛዋ ባለቤቴ።

ከዚያ ወዲህ እንኳን ምስጢር ተረትም ፈርቻለሁ። አያቴ ከባለዕዳው ጋር በቆራኛ ታስሮ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱን ለልጆቹ ሁሉ አውርቼ፣ ለልጅ ልጆቼም አውርቼ፣ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የሁለቱ ሰዎች ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አይለያዩም። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ይሳቃል። እሷ ግን «ምንጭህ ማነው?» አለች። አባቴ። «አባትህ አይተዋል?» አላየም፣ አያቴ ነው የነገረው። «ታዲያ ስሚ ስሚ ነዋ፤ ደግሞም ያንድ ወገን ነው። የባለዕዳው ዘሮች ምን ይላሉ?» የባለዕዳው ዘሮች! እነሱን ፈልጌ ዕዳውን ላስታውሳቸው? ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ መንዝ ተቀምጦ ስለ እኛ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ አባቶቻችን የነገሩትን በትሕትና ጻፈ እንጂ ደረሰኝ አልጠየቀም። ይህን ብላት «እሱስ ስንት ሰው ጠይቆ ይመስልሃል?» አለችኝ።

ቀልዱን ትቼ ልናገር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዟን ስሰማ መጀመሪያ የደነገጥኩት ለእንጀራዬ አልነበረም። በዚህ አገር ጋዜጠኛ ሕግ የሚማርበት የተፋጠነ ፕሮግራም ቀድሞም አለ፤ የሚሰጠው ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ምዝገባው ድንገት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ማደሪያ ይሰጣል። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማር ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ባንድ ሰሞን ታሰሩ። ከመካከላቸው ዘላለም ክብረት አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ የሽብር ክስ ቀረበባቸው። ቀጠሮው ሲገፋ ሲገፋ በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተነሥቶ እሱም ወጣ፤ ሌሎቹም በጥቅምት 2008 ከሽብሩ ክስ ነፃ ተባሉ። እኔ የቀጠሮን ሥራ አውቃለሁ፤ የወሰን ድንጋይ ቀጠሮ ሌላ፣ ሰው ታስሮ የሚጠብቀው ቀጠሮ ሌላ። «ይኸው፣ ሕግ ማወቁ መቼ አዳነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አላዳነውም አባባ» አለች። «ግን የክሱን ወረቀት ሲሰጡት ሌላ ሰው እንዲያነብለት አልጠበቀም።»

የሰው ክስ ሳነብ የኖርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም፤ ስለዚህ ስለ ምግቧ ተቆጣሁ፤ ከስታለች።

አሁን የቀራት የመውጫ ፈተናው ነው፤ ያውም ሁለት። ሕግ ቤቶቹ ፈተናውን ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ ለሌላው ትምህርት በ2015 መጣና ማንም የሚያመልጠው የለም። ሁለቱን ካለፈች ምርቃቱም ሁለት ነው፤ በተለያየ ወር፣ በተለያየ ጋውን፣ በተለያየ ፎቶ። ባለፈው ሳምንት በሹፌር እጅ አንድ ወረቀት ላከችልኝ። ከላይ ስሜ፣ ከሥሩ «የሚጠየቀው ዳኝነት»፣ ከሥሩ «ሁለት ሙክት»፣ መጨረሻ ላይ ቁጥር 92 ከነፊርማዋ። አጻጻፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንከን የለውም፤ በካርቦን ነው የጻፈችው፣ ታችኛውን ነው የላከችልኝ።

አንዱን ሙክት ጓሮ አስሬ ባቄላ እያበላሁት ነው፤ በሱ ላይ ክርክር የለኝም። በሁለተኛው ላይ ግን ለባለቤቴ ይግባኝ ብያለሁ። ትምህርቱ ተጠቃልሎ ከተፋጠነ ድግሱም ይጠቃለል ነው የምለው። ባለቤቴ ይግባኙን ተቀብላ፣ የባቄላው ጉዳይ አስቀድሞ እንዲጣራ አዝዛ፣ ለዳግም ትንሣኤ ማግስት ቀጥራኛለች።